የአጎቴ የሸክላ ማጫወቻ ከ11 ወር በኋላ፦ ልቀይረው ወይስ ላድሰው?

አጎቴ አምና ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመጣ የሸክላ ማጫወቻውንም ይዞት መጣ። በወጣትነቱ እዚያው የገዛው ነው። በቺንጋ የሚዞር፣ ሳህኑ ከባድ፣ የእንጨት ሳጥን ያለው። "ሸክላው እናንተ ቤት ነው ያለው፣ ይሄም እዚያው ይሁን" ብሎ ሰጠኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኸው 11 ወር ሆነው።

የሚጫወቱበት የእማዬ ሸክላዎች ናቸው። አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የሙዚቃ አሳታሚ፣ የአምሃ ሬከርድስ ሸክላዎችም አሉበት።

ዕቃው የ110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። የመጀመሪያውን ሸክላ ሳስቀምጥ እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን ከእሳቱ አነሳችና ዝም ብላ አዳመጠች። "ኧረ ይሄ ድምፁ አይደለም" አለች። "እንዲህ እየተጎተተ አልነበረም የሚዘፍነው።" እኔ ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ ስለሰማችው መስሏት ነው ብዬ አለፍኩት።

እሷ ግን ልክ ነበረች።

መርካቶ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። "ሞተሩ ደክሟል፣ አዲስ ግዛ" አለኝ። ለመግዛትም ቆርጬ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩና በስልኬ ሰዓት ይዤ ዙሩን ቆጠርኩ። በ33ቱ ፍጥነት (በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር ማለት ነው) በ3 ደቂቃ 100 ጊዜ መዞር አለበት። 83 ጊዜ ብቻ ዞረ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው 83።

የደከመ ሞተር እንዲህ ሁሌም እኩል አይዘገይም። ነገሩ የመብራቱ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ)፣ የአሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ 45ቱ 37.5 ሆኖ ይዞራል፣ ዘፈኑም ሦስት ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። እማዬ የሰማችው ይሄንን ነው።

መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን፣ ቺንጋውን የምታዞረውን ትንሽ ፑሊ በ1.2 እጥፍ ማወፈር ነው። ኮተቤ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው በካሊፐር ለካት፦ ለ33ቱ ፍጥነት ውፍረቷ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለ45ቱ 13.5። በነሐስ 12 እና 16.2 አድርጎ አወጣት። ገጠምኳት፣ ቆጠርኩ፤ 99። ለካ የቺንጋውን ውፍረት አላሰብንም! ሁለተኛዋን ትንሽ አወፍሮ ሠራት። አሁን 100 ነው። ለሁለቱም የከፈልኩት 1,400 ብር ነው።

ቀጥሎ መርፌው። ያረጀ መርፌ ሸክላ ይበላል፣ እነዚህን ሸክላዎች ደግሞ ከጠፉ የትም አላገኛቸውም። ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ የሚባል ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ከነመርፌው አስመጣሁ። ሸክላው ላይ በ2 ግራም ክብደት እንዲያርፍ አስተካከልኩት። ከ"ሰ" እና ከ"ሽ" ላይ ይሰማ የነበረው መቧጨር ጠፋ። ከሳክስፎኑ ኋላ ያለው ቤዝ ጊታር ለብቻው መሰማት ጀመረ። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይሄን ነው። መርፌው ሲያልቅ ደግሞ ካርትሪጁን ሳልነካ መርፌውን ብቻ መቀየር እችላለሁ።

ልገዛው የነበረው አዲስ ማጫወቻ የኦዲዮ ቴክኒካው ኤቲ-ኤልፒ120ኤክስ ነበር። ጥሩ ዕቃ ነው። ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ ያዞራል፣ ፍጥነቱ ከመብራቱ ኸርዝ ጋር አይያያዝም፣ ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕም ውስጡ አለ። ከባዶ ለሚጀምር ሰው ያለማመንታት እመክራለሁ። ግን አብሮት የሚመጣው ያው ቪኤም95ኢ ነው። መርፌው አንድ ከሆነና ፍጥነቱም ከተስተካከለ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ የማወጣው ለምንድነው? ስለዚህ አልቀየርኩም።

የሚያስቸግሩኝ ነገሮች አሉ። በበጋ የአባዶ አቧራ አያስቀምጥም፣ ሸክላው ሁሌ በለስላሳ ብሩሽ ካልተጠረገ ይንጫጫል። ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ቡና ሲወቅጡ መርፌው ይዘላል። ማጫወቻውን ከጠረጴዛ አንስቼ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ሳስቀምጠው መዝለሉ ቆመ፣ የበዓል ሰሞን ሙቀጫ እንኳ አልነካውም። ክንዱ ዘፈን ሲያልቅ በራሱ አይነሳም፤ ተነስቼ ማንሳት አለብኝ። ቺንጋው በ8ኛው ወር ላላ፣ ምናለሽ ተራ ያገኘሁት ምትክ ለጊዜው ይዞልኛል፣ ግን ትንሽ ወፈር ስለሚል ዙሩን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ። ትክክለኛ ልኩን ሁለት አዝዣለሁ።

የቀረችው ዝቅ ያለች የሁም ("እምም" የምትል) ድምፅ ናት፣ በግራው ስፒከር ብቻ። የካርትሪጁን አራት ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈትሻለሁ፣ ደህና ናቸው። የምድር ሽቦው መበየጃ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ ከፍቼ አየዋለሁ።