የቪትዝ ቺንጋ፦ የ650 ብሩ፣ የ1,950 ብሩ ወይስ ያገለገለው?

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ስለ ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ዲናሞና የውሃ ፓምፕ ስለሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ደወለልኝ። ሦስቱም የሚነዱት ቪትዝ ነው፣ ትንሿን ቶዮታ። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «ጠዋት ሳስነሳው ይጮሃል፣ የቱን ልግዛ?» በየስልኩ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ባንዶ ወይም ሚትሱቦሺ ግዙ። አዲሱን፣ በራሱ በአምራቹ ካርቶን የመጣውን። ሁለቱም የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው፤ የሁለቱም ከተማ ኮቤ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ባንዶ በ1906፣ ሚትሱቦሺ በ1919 የተመሠረቱ የቆዩ ቺንጋ ሠሪዎች ናቸው። እኔ ባንዶውን በ1,950 ብር ካስገባሁ 26 ወር ሆነኝ። ዛሬም እሱው ነው።

እዚህ የደረስኩት ግን በ650 ብር ቺንጋ በኩል ነው።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በሁለቱ መሐል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ አንዴ እወርዳለሁ፣ አንዴ እወጣለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ማለት ነው። ትንሽ ሞተር በዚያ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ቺንጋው ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ ኤሲ ከከፈታችሁ ኮምፕሬሰሩንም ይጎትታል። ሜዳ ላይ ዓመት የሚቆይ ደካማ ቺንጋ እዚህ ጉዱ ቶሎ ይወጣል።

ባለሱቁ ሁለት ቺንጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ 1,800፣ አንዱ 650። «ጎማ ያው ጎማ ነው ወንድሜ፣ ልዩነቱ ካርቶኑ ላይ ነው» አለኝ። 1,150 ብር አተረፍኩ ብዬ ርካሹን ወሰድኩ። መግጠሚያ 300 ከፈልኩ። አራት ወር ሠራ። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም።

የተበጠሰው ከሥራ ስመለስ ሐረጎ መሐል ላይ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር እንደ ጅራፍ የሚጮህ ነገር ሰማሁ። ከዚያ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። መሪው አልከበደም፣ ሞተሩም አልጠፋም። የቪትዝ መሪ የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቺንጋው ቢበጠስም ወዲያው አይደርቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ባትሪ ነው፣ ቤት ልድረስ» ይልና ይቀጥላል። እባካችሁ እንዳትቀጥሉ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ቆሟል። የእኔ መኪና የሙቀት መርፌ የለውም፣ መብራት ብቻ ነው ያለው። እሱ ቀይ እስኪሆን ከተጠበቀ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሊጣመም፣ ጋርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሊቃጠል ይችላል። ያ ደግሞ የቺንጋ ሒሳብ አይደለም።

ወዲያው አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ቺንጋው ከጠርዙ ተተርትሮ ነጭ ክሩ እንደ ጋቢ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ግማሹ ዲናሞው ላይ ተጠምጥሟል። ዙሪያው ሁሉ እንደ ከሰል ብናኝ ጥቁር ነው።

ለመጎተት 3,000 ብር ተጠየቅኩ፤ ከፈልኩ። ሒሳቡን እንሥራው። ቺንጋ 650፣ መግጠሚያ 300፣ ጉተታ 3,000። 3,950 ብር ለአራት ወር። ጉተታውን እንተወው እንኳ ብንል 950 ለአራት ሲካፈል በወር 237 ብር ገደማ ነው። ባንዶው 1,950፣ መግጠሚያው 400፣ ድምሩ 2,350። ለ26 ወር ሲካፈል በወር 90 ብር ገደማ። ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶበታል። ይህ እኔ በገዛሁበት ጊዜ ዋጋ ነው። አሁን ጨምሮ ታገኙት ይሆናል፤ በሁለቱ መሐል ያለውን ርቀት ነው ማየት።

ያገለገለውን በተመለከተ ብዙ ሰው ልቡ ይከጅላል። «ከጃፓን ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው» ሲባል ደስ ይላል። ለእኔ 500 ብር ተብሎ ነበር። ሲያዩት አንድ ስንጥቅ የለውም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። የድሮ ቺንጋ ሲያረጅ ይሰነጠቅ ስለነበር ዓይን ይበቃው ነበር። አሁን ያሉት ጥሩ ቺንጋዎች የሚሠሩበት ጎማ ኢፒዲኤም ይባላል፤ ሲያረጅ ብዙም አይሰነጠቅም። እንደ መኪና ጎማ ቀስ እያለ ይበላል። ጥርሶቹ ይሳሳሉ፣ በመሐላቸው ያለው ቦይ ይሰፋል፣ ከዚያ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ያገለገለው አዲስ መስሎ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ለማታውቁት ነገር 500 ብር አትስጡ።

በቶዮታ ካርቶን ያለውስ? እውነተኛው ከሆነ ምንም አልልም፣ ምርጥ ነው። ግን ለእኔ 4,200 ተጠርቶልኛል፤ ከባንዶው እጥፍ በላይ። ደግሞ በብዛት የሚኮረጀው ይኸው ካርቶን ነው። አንድ ጓደኛዬ 3,800 ከፍሎ ገዛና አመጣልኝ። ካርቶኑ ምንም አይወጣለትም። ቺንጋው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ቤንዚን ነክሬ ሳሸው ፊደሉ ጨርቁ ላይ ቀረ። ስለዚህ የምመክረው የአምራቹን ካርቶን ነው፤ በእኔ ልምድ ብዙ አልተነካካም። ጌትስ የሚባለው ቺንጋም ጥሩ ነው፣ ካገኛችሁት።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ እንዲህ አድርጉ። በሁለት ጣት ያዙትና ወደ ውጭ አጥፉት፤ ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለባቸው። ጠርዙን በጥፍር ፈትጉት። ገና ሳይገጠም ክር ብቅ ካለ መልሱት። የኮፒው ጠርዝ ብዙ ጊዜ በምላጭ በችኮላ የተቆረጠ ይመስላል። ከዚያ ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ 4ፒኬ1200 የሚል ከሆነ አራት ጥርስ፣ 1,200 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ባለሱቁ «1 ሳንቲሜትር ምን ያደርጋል» ካለ ያደርጋል። የእኔ 650 ብሩ ረዝሞ ነው መሰል፣ ዲናሞው እስከ መጨረሻው ተስቦ እንኳ አልወጠረም ነበር። ልክ የሚሆነው ደሴ ከጠፋ ከአዲስ አበባ አስልኩ። እኔ 150 ብር ለጭነት ከፍዬ በማግስቱ ደርሶኛል።

ጥሩ ቺንጋም ቢሆን አገጣጠሙ ከተበላሸ ገንዘቡ ባከነ። የእኔ ቪትዝ ላይ ራሱን የሚወጥር ነገር የለም፤ ዲናሞውን በቡሎን ስቦ ነው የሚወጠረው። በጣም ከተወጠረ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። ከላላ ይጮሃል፣ ይግላል። የቶዮታ ጥገና መጽሐፍ ቺንጋን «አዲስ» የሚለው ሞተር ላይ ከአምስት ደቂቃ በታች ከሠራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የውጥረቱ ልክ ሌላ ነው። ስለዚህ መካኒኩ ገጥሞ ሞተሩን አስነስቶ እንዲቆይ፣ አጥፍቶም ደግሞ እንዲያየው ጠይቁት። ከሳምንት በኋላ አንዴ ብቅ በሉ። አሮጌው ሲወጣም ፑሌጃዎቹን በእጅ ያዙሯቸው። የሚንኮሻኮሽ ካለ እሱ ሳይቀየር አዲስ ቺንጋ አታስገቡ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ካለም እንደዚያው።

የሚጮህ ቺንጋ ላይ ሳሙና የሚቀባ መካኒክ አለ። «አብሽር፣ ዝም ይላል» ይላችኋል። ዝም ይላል፣ ለሁለት ቀን። ከዚያ አቧራ ይዞ ጥርሱን ይበላዋል። ከሳሙና ይልቅ ሞተሩ እየሠራ፣ እጃችሁንና ልብሳችሁን አርቃችሁ፣ ጥርሱ ባለበት በኩል ትንሽ ውሃ እርጩበት። ጩኸቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም። ከባሰበት ላልቷል። ይህን ሳያዩ አዲስ ቺንጋ የገዙ ሰዎች አሉ፤ አዲሱም ጮኸባቸው።

አንድ የደወለልኝ ልጅ «ታይሚንግ ቺንጋውም አብሮ ይቀየር» ተብሎ 7,000 ብር ተጠይቋል። ታይሚንግ የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ነው። ቪትዝ ላይ እሱ ካቴና (ሰንሰለት) ነው፤ የሚቀየር ታይሚንግ ቺንጋ የለውም። እንደ 5ኤ ያለ የድሮ ኮሮላ ሞተር ላይ ነው ያለው። እንዲህ ከተባላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

አሮጌው ሲወልቅ ካልተበጠሰ አትጣሉት፤ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል። ከ650 ብሩ በፊት የነበረው የእኔ አሮጌ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ተቀምጧል፤ ከጎኑ 12 እና 14 ቁልፍ አለ። ቁጥሩንም ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ።