«120 አምፔር» የሚባለውን የጀልባ ዲናሞ ሳታስፈትሹ እንዳትገዙ

ጣና ላይ በናፍጣ ጀልባ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰሞኑን የሚዞረውን የዲናሞ (በሞተሩ እየዞረ ባትሪ የሚሞላው ዕቃ) ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። «ለመርከብ የተሠራ፣ አዲስ፣ 120 አምፔር፣ የድሮውን ፈትቶ መግጠም ብቻ» ይላል። እኔ ገዝቼዋለሁ። 46 ሺህ ብር ከፈልኩ። ገንዘቡስ ይሁን፣ 14 ሰው ጭኜ ሐይቅ መሀል እንድቆም አድርጎኛል።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። የብዙዎቻችሁም ችግር ያው ነውና። ጀልባዬ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር አላት። ከሞተሩ ጋር የመጣው ዲናሞ 50 አምፔር ነው። ድሮ ይበቃ ነበር። ሁለት መብራትና አንድ የውሃ መምጠጫ ፓምፕ ብቻ ነበር ያለን። አሁን እንግዳው ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ገባ። የስልክ ቻርጀር ገባ። ለአስጎብኚው ድምፅ ማጉያ ገባ። ዘጌ ስንደርስ እንግዶቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው እስኪመለሱ ሞተር አጥፍተን እንቆማለን። ማቀዝቀዣው ግን ከባትሪው እየሳበ ይሠራል። ከዚያ ለመመለስ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ሰው ፊት እንዲህ ሲሆን ያሳፍራል።

ስለዚህ ትልቅ ዲናሞ ፈለግሁ። ሻጩን በስልክ አገኘሁት። አነጋገሩ ጨዋ ነው። አሁን ሳስበው ግን ስለ ሞተሬ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋህ (ቀበቶው) ስንት ነው አላለኝም። ፑሌጃህ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ነጠላ ነው ወይስ ድርብ አላለኝም። የባትሪዬን ዓይነት እንኳ አልጠየቀም። የጠየቀኝ «መቼ ልላክልህ?» ብሎ ብቻ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ዕቃው ሲመጣ ያብረቀርቃል። ብሎኖቹ ልክ ገጠሙ። በሁለተኛው ቀን ቺንጋው መጮህ ጀመረ። ሞተሩ ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት አየሁ። አጠበቅነው። ለሁለት ቀን ዝም አለና እንደገና ጮኸ። ከጎረቤት ጀልባ ክላምፕ ሜትር (አምፔር መለኪያ) ተውሼ ስለካው ሞተሩ በደንብ እየሠራ 38 አምፔር ብቻ ያወጣል፤ ባትሪው ጎድሎ፣ ማቀዝቀዣውና መብራቱ ሁሉ በርቶ ማለት ነው። ከድሮው በምን ተሻለ? ለሻጩ ደወልኩ። «ገና ስላልተላመደ ነው ወንድሜ፣ ትንሽ ይሥራ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዲናሞ በመላመድ አምፔር አይጨምርም። እንዲህ የሚላችሁ ሰው ጊዜ እየገዛ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከደቅ ደሴት እየተመለስን ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የጣና ነፋስ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ናርጋ ሥላሴን ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች ነበሩ፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። በድንገት ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቺንጋው ተበጠሰ። የናፍጣ ሞተር፣ በተለይ እንደ እኔ ያለው የድሮ ሞተር፣ ያለ ዲናሞ መሥራት ይችላል። ችግሩ ያ ቺንጋ የሚያዞረው ዲናሞውን ብቻ አይደለም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕም የሚያዞረው እሱ ነው። የሙቀቱ ቀስት ወዲያው ሽቅብ ወጣ። ባላጠፋው የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቅ ነበር። አጠፋሁት። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያውን ለሁሉም አለበስን። እናቶቹ ሥላሴን እየጠሩ ይጸልያሉ። አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ደርሶ እስኪጎትተን አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። መለዋወጫ ቺንጋ አልያዝኩም ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። እናንተ ግን ዛሬውኑ አንድ ገዝታችሁ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ።

በማግስቱ ዲናሞውን አውርጄ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ለጨረሱ አንድ አዛውንት ኤሌትሪሻን ወሰድኩት። ጋሼ ገና በእጃቸው ሲይዙት ዘንጉን ነቅነቅ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ተለጣፊውን ልጠው ቀለሙን በቢላ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ብረቱ ላይ የተመታ ጽሑፍ ወጣ፤ 14 ቮልት፣ 65 አምፔር። «ልጄ፣ ይሄ የመኪና ዲናሞ ነው። አገልግሎ አገልግሎ የወጣ ነው» አሉኝ። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ያረጀ ነው። ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ከግማሽ በላይ አልቋል። አዲሱ ቀለሙ ብቻ ነው። ፑሌጃው ደግሞ ከሞተሩ ፑሌጃ ጋር መስመሩን አልጠበቀም፤ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ቺንጋውን እየበላ ያስጮኸውና የበጠሰው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው እውነተኛ 120 አምፔር ቢሆንም ኖሮ ለእኔ ሞተር አይሆንም ነበር። 120 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 1,680 ዋት ነው። ዲናሞ ከሚወስደው ጉልበት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ስለሚያባክነው ከሞተሩ 4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይስባል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር እዚህ ቀድሞውኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከቀረው ላይ 4 ፈረስ ስትቀንሱ ይሰማችኋል። ቺንጋውም አይችለውም። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ቺንጋ ቢበዛ ከ70 እስከ 80 አምፔር ቢሸከም ነው። ከዚያ በላይ ድርብ ቺንጋ ወይም ሰፊው ባለ ብዙ መስመር ቺንጋ ይፈልጋል። ያ ማለት ፑሌጃዎቹም ይቀየራሉ ማለት ነው። ከዲናሞ ወደ ባትሪ የሚሄደው ገመድም አብሮ መወፈር አለበት፤ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። «ፈትቶ መግጠም ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

የተጻፈው አምፔር ደግሞ ዲናሞው ሳይግል፣ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር የሚያወጣው ነው። እኛ እምቦጭ ባለበት ዳር ዳሩን ቀስ ብለን ስንሄድ ግማሹን ካገኘን ጥሩ ነው።

«ለመርከብ የተሠራ» የሚለውም ዋጋ ለመጨመር ነው። የእውነተኛው የመርከብ ዲናሞ ጥቅም ጨው እንዳይበላውና ብልጭታው የቤንዚን ትነት እንዳያቀጣጥል መሸፈኑ ነው። ጣና ጨው የለውም። የእኛ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ነው።

እነዚሁ ሰዎች ሊቲየም ባትሪም አብረው ይሸጣሉ። የለመድነው የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን ይቀንሳል፣ ዲናሞው ያርፋል። ሊቲየም ግን እስኪሞላ ድረስ ያለማቋረጥ ይጎትታል። ተራ ዲናሞ በዚያ ላይ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሞተር እየሠራ በድንገት ከቆረጠው ደግሞ የዲናሞው ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ሊቃጠሉ ይችላሉ። ለሊቲየም የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ሳይኖራችሁ እንዳትነኩት።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በመፈተሻ ማሽን ላይ በጭነት አሠሩት። አንድ ደቂቃ ሳይሆን እስኪግል ድረስ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። አምፔሩን በክላምፕ ሜትር ራሳችሁ አንብቡ። ተለጣፊውን ትታችሁ ብረቱ ላይ የተመታውን እዩ። የብሎን ራስ ላይ ቀለም ካያችሁ ተከፍቶ የተዘጋ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ደረሰኙንም አንብቡ። የእኔ «1 ዲናሞ» ብቻ ይላል። አምፔር የለ፣ ሞዴል የለ፣ አዲስ የሚል የለ። ገንዘቤን ስጠይቅ ሻጩ «እኔ ዲናሞ ሸጥኩልህ፣ አገጣጠም አበላሽተህ ነው» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ «ይላመዳል» እየተባልኩ ሦስት ሳምንት አልፎብኛል።

አሁን የድሮዋን 50 አምፔር መልሼ ገጥሜያለሁ። ጋሼ ካርቦኗንና ኩሽኔታዋን ቀየሩልኝ። አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ ለወጥኩ። ለማቀዝቀዣው የራሱ ባትሪና አንድ ሶላር ጣሪያው ላይ አደረግሁ። ሞተሪኖው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አላስቸገረኝም።

ማስታወቂያውን ትናንት ማታም ተለጥፎ አየሁት። ፎቶው ያው ነው፣ ዋጋው 52 ሺህ ገብቷል።