ጌም ሲቆራረጥባችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አፍተርበርነርን ሞክሩት

ጌም ስከፍት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሰላም ነበሩ። ከዚያ ነው ጉዱ የሚጀምረው። ስዕሉ ይቆራረጣል፣ ማውዙን ሳንቀሳቅስ ዘግይቶ ነው የሚከተለኝ፣ ድምፁ ሳይቀር ይንተባተባል። የጌሙን ሴቲንግ በሙሉ ወደ ዝቅተኛው አወረድኩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ድራይቨር ቀየርኩ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ያው ነው። ያማከርኩት የጥገና ባለሙያ ደግሞ ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «ግራፊክስ ካርዱ አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ልገዛ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን፣ የግራፊክስ ካርድን ሁኔታ የሚለካና የሚቆጣጠር ሶፍትዌር የጫንኩት።

ስሙን አይታችሁ ኤምኤስአይ የሚባለው ኩባንያ ለሚያመርተው ካርድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኤንቪዲያም ሆነ የኤኤምዲ ካርድ ይኑራችሁ፣ ማንም ያምርተው፣ ይሠራል። ነጻ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ካርድን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ለማስሮጥ ነው፤ እኔ ያንን ክፍል አልነካሁትም፣ እናንተም ችግር እየፈለጋችሁ ባላችሁበት ሰዓት አትንኩት። እኔ የምወድለት መለኪያውን ነው። አብሮት ሪቫቱነር የሚባል ሌላ ሶፍትዌር ይጫናል፤ እሱ እየተጫወታችሁ ሳለ የኮምፒውተሩን ሁኔታ በስክሪኑ ጥግ ላይ በቁጥር ያሳያችኋል።

አዘገጃጀቱ ግን ያሰለቻል፣ ይህን አልደብቅም። ገና ሲጫን ጌሙ ላይ ምንም አይታይም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሞኒተሪንግ የሚለውን ስትከፍቱ ረጅም ዝርዝር ይመጣል፣ ከዚያ ውስጥ የምትፈልጉትን አንድ በአንድ ትመርጣላችሁ፣ መምረጡ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ለእያንዳንዱ «ጌሙ ላይ ይታይ» የምትለዋን ሳጥን ለብቻዋ ምልክት ማድረግ አለባችሁ። ይህቺን ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ስለሚዘላት «አይሠራም» ብሎ ያጠፋዋል። መልኩም የተጨናነቀ ነው፣ ለጀማሪ አልተሠራም።

ሁሉንም አትምረጡ። የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀምና ሙቀት፣ የካርዱ ሚሞሪ፣ የእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚሠራ ክፍል) አጠቃቀም፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና ፍጥነት፣ ራም፣ ፍሬም ታይም (አንዱ ፍሬም ማለትም አንዱ ምስል የሚወስደው ጊዜ)። እነዚህ ይበቃሉ።

ፍሬም ታይምን በግራፍ አድርጉት። ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ሲያሳይ አንዱ ፍሬም የሚወስደው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አማካዩ 60 ሆኖ ሳለ አንዷ ፍሬም 80 ሚሊ ሰከንድ ብትወስድ ዓይናችሁ ያንን መቆራረጥ ያየዋል፣ የፍሬም ቁጥሩ ግን ምንም ያልተፈጠረ ያስመስለዋል። ግራፉ ላይ ግን ያቺ ፍሬም እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ትወጣለች። «60 እያለ ለምን ይቆራረጥብኛል» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ነው።

ካርዱ 97 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ፍሬሙ ካነሰ፣ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው፤ ሬዞሉሽኑን ወይም የጥላውን ጥራት ስታወርዱ ይሻሻላል። ካርዱ 50 በመቶ ላይ ተቀምጦ ፍሬሙ ካነሰ ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ላይ። እዚህ ጋ አጠቃላይ ቁጥሩ ያታልላል፦ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር በጠቅላላ 30 በመቶ እያሳየ አንዱ ኮር 100 ላይ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ኮሮቹን ለየብቻ አድርጓቸው ያልኩት። የካርዱ አጠቃቀም ጭራሽ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ዞራችሁ የስክሪኑን ገመድ እዩ፤ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወደ እኔ ልመለስ። ጌሙን ከፈትኩ፦ ካርዱ 98 በመቶ፣ ፕሮሰሰሩ 78 ዲግሪ። ከዚያ ሙቀቱ መውጣት ጀመረ። 85፣ 91፣ 96። 100 ላይ ደርሶ እዚያው ቆመ። ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ይሮጥ የነበረው ፕሮሰሰር በዚያው ቅጽበት ወደ 2 ወረደ፣ የካርዱም አጠቃቀም አብሮት ወደ 45 በመቶ ወረደ። አረጀ የተባለው ካርድ ምንም አልሆነም፣ ሥራ ፈቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነበር። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሲግል እንዳይጎዳ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። የግራፊክስ ሴቲንግ ማውረዴ ለምን እንዳልጠቀመኝ ያኔ ገባኝ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ ኬዙን ከፈትኩ። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ በጣቴ ነካ ሳደርገው ተነቃነቀ። ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮቹ አንዱ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ወጥቶ በአንድ ጎን ተነስቷል። ከሥር ያለው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ ተፈርፍሯል። ጠረግኩት፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አደረግኩ፣ አራቱንም እግሮች ቀጭ እስኪሉ ተጫንኳቸው። አሁን ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ 72 ዲግሪ ነው፣ መቆራረጡም ጠፍቷል። ካርዱ ያው የድሮው ነው።

አፍተርበርነር የማይችለውም አለ። የትኛው ዕቃ እንደታነቀ ያሳያችኋል እንጂ ለምን እንደታነቀ አይነግራችሁም፤ የወጣውን እግር ያገኘሁት በእጄ ነው። ባለ 3200 ፍጥነት ራም ገዝታችሁ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራው ምርጫ ስላልተከፈተ በ2133 እየሠራ ቢሆን «ይህ ስህተት ነው» ብሎ አያስጠነቅቃችሁም። አንዳንድ የኦንላይን ጌሞችም ለማጭበርበር መከላከያ ሲሉ ስክሪን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ሊከለክሉ ይችላሉ።

ስትጭኑት ግን ተጠንቀቁ። ታዋቂ ስለሆነ የእሱን ገጽ አስመስለው ቫይረስ የሚያወርዱ ሳይቶች ተገኝተዋል። ሰርች ስታደርጉ ከላይ የመጣውን ሁሉ አትጫኑ፤ ከራሱ ከኤምኤስአይ ወይም የኮምፒውተር ዕቃዎችን ከሚገመግመው ከጉሩ3ዲ ሳይት ብቻ አውርዱት።