ለዴስክቶፕም ለሞባይልም የሚሆን ጠፍጣፋ አይከን፦ የትኛውን ስብስብ ልውሰድ?

አብዛኞቹ የአይከን ስብስቦች ማሳያ ገጻቸው ላይ አይከኖቹን ተለቅ አድርገው፣ ነጭ ጀርባ ላይ፣ ዙሪያቸውን አስፍተው ነው የሚደረድሯቸው። በዚያ መጠን የማያምር አይከን የለም። እናንተ ግን ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሙት በ16 ወይም በ20 ፒክስል ነው፤ ሞባይል ላይ ደግሞ በ24። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ከውበት አይነሳም፣ ከትንሹ መጠን ይነሳል። እዚያ ያለፈ ስብስብ ሌላው ቦታ አያሳፍርም።

መንገዱ ሦስት ነው። ነጻ ስብስብ መውሰድ፣ የሚከፈልበትን መግዛት፣ ወይም ለዲዛይነር ከፍሎ ማሠራት። ብዙ ሰው ሦስተኛውን እየተመኘ ሁለተኛውን ይገዛል፤ አንደኛው ይበቃው እንደነበር የሚገባው በኋላ ነው።

16 ፒክስል ላይ የሚሆነው

ጠፍጣፋ አይከን ጥላ የለውም፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም፣ ጉድለቱን የሚደብቅበት የለውም። ያለው መስመርና ባዶ ቦታ ብቻ ነው። መስመሩ ከደበዘዘ በቃ፣ አለቀ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ስብስቦች 24 በ24 ፒክስል በሆነ ግሪድ (የመሣያ መረብ) ላይ፣ በ2 ፒክስል የመስመር ውፍረት የተሣሉ ናቸው። ያንን አይከን ወደ 16 ስታሳንሱት መስመሩ 1.33 ፒክስል ይሆናል። ስክሪን የፒክስል ሲሶ ለይቶ ማብራት አይችልም። ስለዚህ ትርፉን በግራጫ ይሞላዋል። መነጽሩን ያወለቀ ሰው የሚያየው ዓይነት ብዥታ ይመጣል።

ስልክ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም። የስልክ ስክሪን አንዱን ፒክስል በ2 ወይም በ3 አባዝቶ ስለሚያሳይ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ አያጣም። ጣጣው ያለው ተራ የቢሮ ሞኒተር ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ማጉያውን 125 በመቶ ያደረገ ሰው አለ። እዚያ 2 ፒክስል የነበረው መስመር 2.5 ይሆናል። 150 በመቶ ላይ ግን ድፍን 3 ስለሚሆን ይጠራል። ያው አይከን አንዱ ላፕቶፕ ላይ ጥርት ብሎ ሌላው ላይ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

በዓይናችሁ ለማየት የሴቲንግ ምልክቱን ውሰዱ፣ ያንን ባለ ጥርስ ማርሽ። በ24 ላይ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ወደ 16 ሲወርድ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ጥርሶቹ ይጣበቃሉ፣ ማርሹም ጠርዙ የሻከረ ክብ ሆኖ ይቀራል። ካላንደርና ፕሪንተርም ጥሩ አጋላጮች ናቸው፤ በጠባብ ቦታ ብዙ ትይዩ መስመር አላቸው። ቤትና የፍለጋ ሌንስ ግን ለፈተና አይሆኑም። እነሱ የትም ያልፋሉ፤ ማሳያ ገጾች ላይ ከፊት የሚቀመጡትም እነሱ ናቸው።

ነጻዎቹ ጎን ለጎን

ፌዘር የሚባለውን ስብስብ የማያውቅ የዌብ ሰው ጥቂት ነው። 24 ግሪድ፣ 2 ፒክስል መስመር፣ ክብ ክብ ያለ ጫፍ። የሚያምር እጅ ነው። ግን ቁጥሩ ከ300 በታች ነው፤ አዲስ የሚጨመርበትም እምብዛም ነው። ሉሲድ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ያንኑ አሣሣል ይዞ ከ1500 በላይ ደርሷል። ዛሬ ሥራ የሚጀምር ሰው ፌዘርን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም ግን 16 ላይ ከላይ ያልኩት ችግር አለባቸው። ሉሲድ መጠኑ ሲቀየር የመስመሩ ውፍረት እንዳይለወጥ የሚያደርግ አማራጭ አለው። ብዥታው ይቀንሳል። ግን 2 ፒክስል መስመር በ16 ሳጥን ውስጥ ሲገባ ውስጡ ይታፈናል፤ ማርሹ አሁንም ማርሽ አይሆንም።

ታብለር ብዛት ለሚፈልግ ነው። ከ5000 በላይ አይከን አለው፣ በዚያው 24 ግሪድና 2 ፒክስል። የማይገኝበት ነገር ጥቂት ነው። የተሞላው ዓይነት፣ ማለትም ውስጡ በቀለም የተደፈነው፣ ግን ለሁሉም አልተሣለም። ለአፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ታች ያለው ማውጫ ላይ የተመረጠው ትር ተሞልቶ ሌሎቹ ባዶ እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ፣ የምትፈልጓቸው አራት አምስት አይከኖች በሁለቱም ዓይነት መኖራቸውን አስቀድማችሁ እዩ።

ሂሮአይከንስ የተገላቢጦሽ ነው። ቴልዊንድ የተባለውን የድረ ገጽ ማስዋቢያ መሣሪያ የሠሩት ሰዎች ሥራ ነው፤ ከ300 ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግን ማሳነስ ብቻ እንደማይበቃ የገባቸው ሰዎች ናቸው። ለ24 አንድ ሥዕል፣ ለ20 ሌላ፣ ለ16 ሌላ አዘጋጅተዋል። የ20ው እና የ16ቱ የተሞሉ ናቸው፤ በትንሽ መጠን የተሞላ ቅርጽ ከቀጭን መስመር ይልቅ ዓይን ይይዛልና ልክ ናቸው። የ24ቱ መስመር 1.5 ፒክስል ነው። ፒክስሉን በ2 የሚያባዛ ስክሪን ላይ 3 ሆኖ ይጠራል፣ ተራ ሞኒተር ላይ ግማሿ ፒክስል ትደበዝዛለች። አፓችሁ ትንሽ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ሁሉ ውስጡ ካለ፣ ከሂሮአይከንስ ወዲያ አትሂዱ። አንድ እንኳ ከጎደለ ግን ራስ ምታት ነው።

ፎስፎር ላይ ትንሽ ልቆይ። ስድስት ዓይነት ውፍረትና አሞላል አለው፦ በጣም ቀጭን፣ ቀጭን፣ መደበኛ፣ ወፍራም፣ የተሞላ እና ባለ ድርብ (አንዱ ክፍሉ የደመቀ፣ ሌላው የፈዘዘ)። ሁሉም አይከን በስድስቱም አለ፤ እንደ ታብለር «ይሄኛው አልተሣለም» የሚባል የለም። ዋናው ግን ሌላ ነው። የፎስፎር መደበኛ መስመር ከአይከኑ ስፋት አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ 16 ላይ ድፍን 1 ፒክስል፣ 32 ላይ ድፍን 2 ፒክስል ይሆናል። ተሸናፊው መጠን 24 ነው፤ እዚያ 1.5 ይመጣል። 24 የሚበዛው ደግሞ ስልክ ላይ ነው፣ ስልክ ደግሞ ይሸከመዋል። ዴስክቶፕና ሞባይልን በአንድ ስብስብ ለማስታረቅ ከዚህ የተሻለ ሒሳብ ከነጻዎቹ መካከል አላገኘሁም። በጣም ቀጭኑን ግን ተዉት። ሲያዩት ያምራል፤ ግራጫ ቀለም ሲቀባ ግን ይጠፋል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብልዩካግ 2.1፣ ትርጉም ያለው ምልክት ከጀርባው ጋር ቢያንስ 3 ለ1 የቀለም ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ቀጭን መስመር ደግሞ ቁጥሩን ቢያሟላ እንኳ ዓይን ላይ ይደክማል።

የጉግል ማቴሪያል ሲምቦልስ ከሌሎቹ በአሠራሩ ይለያል። በ2022 የወጣ ሲሆን የሚስተካከል ፎንት ነው። የመስመሩን ውፍረት ከ100 እስከ 700 ትቀያይራላችሁ፣ ትሞላላችሁ ወይም ታጎድላላችሁ፣ ለመጠኑ የሚስማማ አሣሣልም ትመርጣላችሁ። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ መስመር ከልኩ ወፍሮ እንደሚታይ እንኳ አስበውበታል፤ ለዚያ ማቅጠኛ አለው። ግን የመጠን ማስተካከያው ከ20 ይጀምርና 48 ላይ ያበቃል። 16 የለም። ሌላው ፎንት የመሆን ጣጣ ነው። ኔትወርኩ ሲዘገይ በአይከኑ ቦታ የአይከኑ ስም በፊደል ተጽፎ ብቅ ይላል፤ በተኑ ተለጥጦ ገጹ ይዘበራረቃል። ስለዚህ የምትፈልጉትን በኤስቪጂ፣ ማለትም በሥዕል ፋይል መልክ፣ አውርዱት፤ ፎንቱን አንተውም ካላችሁ ደግሞ የምትጠቀሙባቸውን አይከኖች ብቻ ቆርጣችሁ ጫኑ። አንድ ደግሞ ልብ በሉ፦ አፓችሁ የጉግል አፕ መምሰሉ አይቀርም። ለአንዳንዱ ይህ ጥቅም ነው።

የማይክሮሶፍት ፍሉዌንት ዴስክቶፕ ለሚያመዝንበት ሥራ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው። 16፣ 20፣ 24፣ 28፣ 32 እና 48 ለየብቻ የተሣሉ ናቸው፣ ባዶውም የተሞላውም። ማርሹ 16 ላይም ማርሽ ነው። ጉድለቱ እያንዳንዱ አይከን በሁሉም መጠን አለመኖሩ ነው። የፋይሎቹም ብዛት መጀመሪያ ያደናግራል።

የአፕል ኤስኤፍ ሲምቦልስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘጠኝ ውፍረት፣ ሦስት መጠን አለው፤ ከጽሑፍ ጎን ሲቀመጥ የሚተካከለው የለም። ነጻ ነው ተብሎም ይወራል። ነጻነቱ ግን የአፕል መሣሪያ ላይ ለሚሠራ አፕ ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ፣ ዊንዶውስ ላይ መጠቀም አይፈቀድም። ለሎጎና ለአፕ ማስጀመሪያ አይከንም አይፈቀድም፣ እዚያው አይፎን ላይ ቢሆን እንኳ። ለሁለቱም ወገን ለሚሠራ ሰው እንግዲህ ከጨዋታው ውጭ ነው።

ፈቃድ

ፌዘር፣ ታብለር፣ ሂሮአይከንስ፣ ፎስፎርና ፍሉዌንት በኤምአይቲ ፈቃድ ናቸው፤ ሉሲድ በአይኤስሲ፣ ማቴሪያል ሲምቦልስ በአፓቺ 2.0። ሁሉም ለሽያጭ የሚውል ሥራ ውስጥ ይገባሉ። የፈቃድ ጽሑፉን ከኮዱ ጋር ማኖር ነው እንጂ አፑ ፊት ላይ ምስጋና መጻፍ አይጠበቅባችሁም። የኩባንያ ሎጎ፣ ማለትም የማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ምልክት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። የባለቤቱ የንግድ ምልክት ስለሆነ የስብስቡ ፈቃድ አይሸፍነውም።

መክፈል የሚያዋጣው መቼ ነው

ፎንት ኦውሰም ጥሩ ምሳሌ ነው። ነጻም የሚከፈልበትም አለው። በነጻው ውስጥ የተሞላው ዓይነት በብዛት አለ፤ ባዶው ግን ጥቂት ነው። ቀጫጭኖቹና ባለ ድርቡ ሁሉም ከክፍያው ጀርባ ናቸው። የነጻው አይከኖች ፈቃድም ክሪኤቲቭ ኮመንስ ስለሆነ የባለቤቱ ስም መጠቀስ አለበት፤ ፋይሎቹ ውስጥ የተጻፈውን ማስታወሻ አለማጥፋት በቂ ነው።

እኔ እንደማየው፣ ለአንድ አፕ ብቻ ከሆነ የሚከፈልበት ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። የሚያዋጣው ብዙ ሥራ ለብዙ ደንበኛ ለሚሠራ ቡድን ነው። ሲገዛ መጠየቅ ያለበት «ስንት አይከን አለው?» አይደለም። 40,000 አይከን ያለው ስብስብ ውስጥ የምትጠቀሙት 60 ቢሆን ነው። ክፍያው ሲቋረጥ የወረደውን መጠቀም ይፈቀዳል ወይ? ክፍያው በሰው ነው በኩባንያ? ለደንበኛ አሳልፎ መስጠት ይቻላል? የክፍያ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን አንብቡ።

ማሠራት

ሙሉ ስብስብ ከዜሮ ማሣል ቆንጆ ሕልም ነው፣ ግን አያልቅም። አዲስ ገጽ በተጨመረ ቁጥር አዲስ አይከን ይፈለጋል፤ የመጀመሪያው ዲዛይነር ደግሞ ያኔ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የተሻለው መካከለኛው መንገድ ነው። ፎስፎርን ወይም ሉሲድን መሠረት አድርጉ፣ የትም የማይገኙትን የእናንተን ሥራ ምልክቶች ብቻ በዚያው ግሪድ፣ በዚያው ውፍረት፣ በዚያው የማዕዘን ክብነት አሥሉ። ሁለት ስብስብ ከመቀላቀል ይህ እጅግ ይሻላል፤ አንዱ ጫፉ ክብ፣ ሌላው ስለታም ሲሆን ያላወቀ ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደጎረበጠው ይናገራል።

ዲዛይነሩ ሥራውን እንደሚያውቅ የሚለየው በቅርጽ ሚዛን ነው። ክብና ካሬ እኩል 20 ፒክስል ሲሆኑ ካሬው ገዝፎ ይታያል። በጉግል መመሪያ 24 ግሪድ ላይ ክቡ 20፣ ካሬው 18 የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁሉንም እኩል ለክቶ ያመጣ ሰው በሩለር እንጂ በዓይኑ አልሠራም።

የአፑ ማስጀመሪያ አይከን ለብቻው ዋጋ ይወጣለት። የሌሎቹ አካል አይደለም፣ ሥራውም ይበዛል። ለአፕል 1024 በ1024 ፒክስል ይፈለጋል፤ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ የጨለማና ባለ አንድ ቀለም መልክም አለ። አንድሮይድ ጀርባና ፊት ተለይተው በ108 ዲፒ (የአንድሮይድ የመጠን መለኪያ) እንዲሠሩ ይፈልጋል፤ ስልኩ በክብም በካሬም ስለሚቆርጠው እንዳይነካ የሚፈለገው ነገር በመሃከለኛው 66 ውስጥ መግባት አለበት። አንድሮይድ 13 ላይ ደግሞ ከስልኩ ቀለም ጋር የሚሄድ ባለ አንድ ቀለም ንብርብር ተጨምሯል። ዊንዶውስ በአንድ ፋይል ውስጥ ከ16 እስከ 256 ድረስ ያሉትን መጠኖች ይፈልጋል። የ16ቱ ከ256ቱ የተቀነሰ ሳይሆን ለብቻው የተሣለ ይሁን።

ውሉ ላይ ኤስቪጂው፣ መስመሩ ገና የሚስተካከልበት ዋና ፋይል እና ሙሉ መብቱ ወደ እናንተ መዞሩ ይጻፍ። ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሦስት አይከን ለናሙና ጠይቁ፦ ማርሽ፣ ካላንደር፣ ፕሪንተር። በ16 ፒክስል ይላኩላችሁና ሳታጎሉ፣ ያገኛችሁት በጣም ርካሽ ሞኒተር ላይ ክፈቷቸው።