ባጃጅ ፎር ስትሮክ፦ በዛሬው የቤንዚን ዋጋ ለማን ታዋጣለች?

በባህር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ያገለገለች ባጃጅ ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋዋን ነው፤ ቀጥሎ ሞዴሏን፣ ከዚያ ሸራዋንና ቀለሟን። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን ሥራውን የሚያቆመውም የሚጥለውም ይኸው ቁጥር ነው። ሰኔ 2014 ማብቂያ ላይ፣ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር፣ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 120 ብርን ተሻገረ። ይህ የአዲስ አበባው ዋጋ ነው፤ ጎጃም ሲደርስ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ታሪፍ ነዳጁን ተከትሎ ቢሻሻል እንኳ ዘግይቶ ነው፤ በመሃል ያለውን ጉድለት የሚሸፍነው ሹፌሩ ወይም ባለቤቱ ነው።

ማሽኗን በተመለከተ ፍርዳችን ግልጽ ነው፦ ፎር ስትሮኳ (ባለ አራት ምት ሞተሯ) ባለ 200 ሲሲ ገደማ ባጃጅ ለከተማ ሥራ እስካሁን የሚስተካከላት የለም። ሞተሯ አንድ ሲሊንደር ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ አራት ማርሽና የኋላ ማርሽ አላት። ሰልባቲዮዋ (የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ) ወደ 8 ሊትር ይይዛል። ዕቃዋ ከደጀን እስከ ዳንግላ በየከተማው ይገኛል፣ የማይፈታት መካኒክም የለም። በደንብ የተያዘች ከሆነች ሦስት ሰው ጭና በአስፋልት በሊትር 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ችላ የተባለችው 21 ላይ ትወርዳለች። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለምትሠራ ባጃጅ ልዩነቱ 1.2 ሊትር ነው፤ ሊትሩ 125 ብር ቢሆን በቀን 150 ብር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ ከ3,700 ብር በላይ። ይህ ገንዘብ በጭስ ማውጫ የሚወጣ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ በብዙዎቹ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ርቀቱን የምታውቁት መንገድ ምረጡ። ባህር ዳር ላሉ ጢስ ዓባይ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 60። ማደያ ላይ ሰልባቲዮውን እስከ አፉ አስሞሉ፣ ሁለት ሰው ጭናችሁ ሂዱና ተመለሱ፣ ከዚያው ማደያ መልሳችሁ እስከ አፉ አስሞሉ። የገባው ከ2.3 ሊትር ካልበለጠ ጥሩ ናት፤ 3 ሊትር ከጠጣች ችግር አለባት። ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለች ከዚህ የበለጠ እንደምትበላ አትርሱ።

ችግሩ የት ነው? በጎጃም ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከፍታው ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 አካባቢ፣ እንጅባራ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። ምልክቱ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ላይ ይታያል። ሞተሩ ሞቆ ከሠራ በኋላ ፈትታችሁ እዩት፦ ጫፉ የሸክላ ቀለም ካለው ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን እየበዛ ነው፤ እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቆ ዘይት እየበላ ነው። ደረቁ ጥላሸት በካርቡራቶር ማስተካከል ይድናል። ቅባት ያለው ግን ሞተር ማስከፈት ነው። ደብረ ማርቆስ ለመሥራት ከቆላ የመጣች ባጃጅ የገዛ ሰው የካርቡራቶሯን የአየር ማስተካከያ ሳይነካ አንድ ሳምንት መሥራት የለበትም።

ከካርቡራቶሩ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው። የኮብልስቶንና የጠጠር መንገድ አቧራ በበጋ በሁለት ሳምንት ይደፍነዋል። የተደፈነ ፊልትሮ አየር ሲያሳጣ ቤንዚኑ ይበዛል። ፊልትሮውን አውጥቶ የሚነዳ አለ፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፣ አቧራው ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። የሞተሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች ጭቃ ከያዛቸውም ሞተሩ ይግላል፣ ኃይል ያጣል፣ ሹፌሩም ጋዝ ይጨምራል።

ፍሬን ሌላው ሌባ ነው። ሁሉንም ጎማዎች በየተራ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩ፤ በነፃ ካልዞረ ፍሬኑ ይዟል። ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ መሃል ቋቱን በእጅ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ሞክሩት፣ ከሌሎቹ የሚሞቀው ተጠርጣሪው ነው። ፍሪሲዮን (ክላች) ሲንሸራተት ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ዳገት ላይ ማርሽ ከመቀነስ ይልቅ ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ የሚወጣ ሹፌር በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል። የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ይለካ፤ ሦስቱም ጎማ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ይጎትታል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። ማደያ ሲደርቅ ወይም ሰልፉ ሲረዝም ብዙ ሹፌር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። ዋጋው መወደዱ አንድ ነገር ነው፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑ ሌላ። ለመለየት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ግን የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ውሃ ከተጨመረበትም ጥርት ባለው ጠርሙስ ጥቂት ብታስቀምጡት ከታች ለብቻው ይወርዳል። ነጭ ጋዝ የገባበት ሞተር ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ይጨርሳል። በካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየጊዜው መክፈት ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ውሃና ደለል የሚወጣው በእሷ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ባለሦስት እግሮች የቤንዚኑን ጭንቀት ያስቀራሉ። ዕቃቸውንና ባትሪያቸውን የሚፈታ መካኒክ ደጃፋችሁ ካለ፣ መብራቱም ሌሊት የማይጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ እሰየው። ይህ ለሌለው ግን ባትሪው የደከመ ዕለት ሥራው ይቆማል።

ስለዚህ ለማን? የአስፋልት መስመር ላለው፣ በራሱ ለሚነዳ ወይም ሹፌሩ ለማሽኗ ለሚሳሳላት ባለቤት፣ ፎር ስትሮኳን እንገዛለን። ሹፌሩ ቤንዚኑን ከራሱ አውጥቶ የቀን ገቢ በሚያስገባበት ስምምነት ግን ባለቤቱ ካርቡራቶር ለማስጠገን አይቸኩልም፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ሹፌሩ ላይ ነውና። እንዲህ ያለ ውል የሚገባ ሹፌር መጀመሪያ ማሽኗን ለክቶ ይረከብ። በጠጠር መንገድ ብቻ ለሚሠራ፣ በገበያ ቀን ከሦስት ሰው በላይ አዝሎ ለሚጭን አንመክርም፤ በሊትር 20 እንኳ አትሞላለት። ሻጩ 2.3 ሊትር ትበቃታለች ብሎ ማደያው 3 ሊትር ካሳየ፣ የፒስተኑንና የፋሻውን ዋጋ ከነእጅ ዋጋው ከመለዋወጫ ሱቅ ጠይቃችሁ ከሚጠራው ላይ ቀንሱ፤ አልቀንስም ካለ ሌላ ፈልጉ።