«==» ወይስ «ኢዝ»፦ ሁለት መጋዘን ወይስ ሁለት ታፔላ?

ደሴ ለአንድ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ስሠራ ነው የተሸወድኩት። ሱቁ ኮምቦልቻም መጋዘን አለው። የደሴውን ዝርዝር ሞላሁና «ኮምቦልቻ = ደሴ» ብዬ ጻፍኩ። (ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል።) ቅጂ የሠራሁ መስሎኝ! ከኮምቦልቻ አሥር ካርቶን ሳሙና ስቀንስ የደሴውም አብሮ ቀነሰ።

መጀመሪያ በ«==» ፈተሽኩ። «ትሩ» (እውነት) አለኝ። እሱ የሚያየው ይዘትን ነው። ሁለት መጋዘን ውስጥ እኩል ሳሙና ካለ እኩል ናቸው ይላል፤ አለቀ። ለዕለት ሥራ ይበቃል።

«ኢዝ» ግን ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው፦ ሁለቱ ስሞች የሚጠሩት አንድ ኦብጀክት (ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ያንኑ አንድ ነገር) ነው ወይ? እሱም «ትሩ» አለ። የኦብጀክቱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው «አይዲ» ሳየው ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ለካ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ዕቃ የለም። አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ታፔላ ለጥፌ ኖሯል! «ደሴ.ኮፒ()» ስል ተገላገልኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር ካለ ግን «ኮፒ» የላዩን ብቻ ነው የሚገለብጠው፤ ያኔ የውስጡንም የሚገለብጠው «ዲፕኮፒ» ነው የሚያዋጣው።

እንዲህ ያለ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሲገጥመኝ አሁን እጄ ቶሎ ወደ «ኢዝ» ይሄዳል። ቁጥር ለማወዳደር ግን አልነካውም። የተለመደው የፓይተን ማስኬጃ፣ ሲፓይተን፣ ከ-5 እስከ 256 ያሉትን ቁጥሮች ቀድሞ ፈጥሮ ያስቀምጣል፤ እነዚህን በጠራህ ቁጥር ያንኑ ኦብጀክት ይሰጥሃል፤ ከዚያ በላይ ግን እኩል የሆኑ ቁጥሮች ሁለት ኦብጀክት ሊሆኑ ይችላሉ። 256 ላይ እሺ ያለህ «ኢዝ» 257 ላይ ሊከዳህ ይችላል።