የአባቴ ጥቁር ካፖርት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ

ሀገር ቤት ስትሄዱ የድሮ የቤተሰብ ፎቶ በጥቁርና ነጭ ለማሳተም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፋይላችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ያወቅኩት 11 ቀንና ሙሉ ክፍያ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሱ የቀረን አንድ ጥቅል ኔጋቲቭ ነው። እዚያ ውጭ ሆኜ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ፣ አንድ በአንድ ስካን አደረግኩት። አቧራውን በኮምፒውተር ለቀምኩ። 12 ፎቶ መረጥኩ። ከ12ቱ ልቤ ያለው ግን አንዱ ላይ ነው። አባቴ በር ላይ ቆሟል። ጥቁር ካፖርት ደርቧል፣ ከውስጥ ነጭ ሸሚዝ፣ መነጽሩን በእጁ ይዟል። ካፖርቱ ጥቁር ይሁን እንጂ ድፍን አይደለም። እጥፋቱ ይታያል፣ ክርኑ ላይ ያለው መተሻሸት ይታያል። ሸሚዙም ነጭ ይሁን እንጂ የአንገቱ ስፌት ይለያል። ይህን ፎቶ በፍሬም አድርጌ ለእናቴ ላስረክባት ነበር የሄድኩት። እረፍቴ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ለምን ውጭ አላሳተምሽም ትሉኝ ይሆናል። ሻንጣ ውስጥ እንዳይታጠፍብኝ ፈራሁ። ደግሞም አባቴን ሀገሩ ላይ ላሳትመው ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ይበልጣል።

የሄድኩበትን ፎቶ ቤት ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ያማልላሉ። ሁሉም ባለ ቀለም መሆናቸውን ግን ልብ አላልኩም። ያስተናገደኝ ልጅ ትሁት ነው። የምፈልገውን አብራርቼ ነገርኩት። ጥቁርና ነጭ፣ በፒግመንት (ቶሎ በማይደበዝዝ) ቀለም፣ በማያንጸባርቅ የጥጥ ወረቀት። «አለ እህቴ፣ ምንም ችግር የለም፤ ለሐሙስ ይደርሳል» አለኝ። የጥጥ ወረቀቱ ከተራው ሦስት እጥፍ እንደሚያስከፍል ነገረኝ። አልተከራከርኩም። ሙሉውን ቅድሚያ ክፈይ አለኝ፤ ከፈልኩ። ናሙና እንዲያሳየኝ ስጠይቀው «ሲያልቅ ታዪዋለሽ» አለኝ። ወጥቼ መሄድ የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ሐሙስ ሄድኩ። ማሽኑ እየተጠገነ ነው ተባልኩ። ቅዳሜ ሄድኩ። ልጁ የለም፤ ያገኘኋት ልጅ ስለኔ ሥራ የምታውቀው ነገር የለም። ሰኞ ደወልኩ፤ «እየወጣ ነው» አሉኝ። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ «ነገ ጠዋት» ተብዬ ተመለስኩ። ረቡዕ ጠዋት ዝግ ነበር። እረፍቴ እየነጎደ ነው። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ የምጫወትበትን ሰዓት በምልልስ ጨረስኩት። የምኖርበት አገር ሥራ ሲዘገይ ቢያንስ መልእክት ይልካሉ፤ ሰውን ከቤቱ በከንቱ አያስወጡም። ማሽን መበላሸቱ ይገባኛል። ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ማንኛውም ፕሪንተር ይቆማል፣ በተለይ ሥራ ፈቶ ከከረመ። ግን «ተበላሽቷል፣ ሌላ ቦታ ውሰጂው» ማለት ምን ይከብዳል?

በ11ኛው ቀን፣ አርብ ከሰዓት፣ ፖስታውን ሰጡኝ። እዚያው ውስጥ፣ ከጣሪያው ነጭ መብራት ሥር፣ ክፉ አይመስልም ነበር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደጅ ላይ አንዴ ልየው ብዬ ከፖስታው ሳወጣው እግሬ ተሳሰረ። የአባቴ ካፖርት አረንጓዴ ነው። ጥላ ያረፈበት ጉንጩም አረንጓዴ ነው። ማታ ቤት ገብቼ በአምፖል ሳየው ደግሞ ወደ ሮዝ አደላ። 12ቱም እንደዚያው።

ምን እንደሆነ ገባኝ። ጥቁርና ነጩን ያተሙት በባለ ቀለም ቀለሞች ነው። ተራ ፕሪንተር ያለው ጥቁር አንድ ብቻ ነው። ግራጫ ሲያስፈልገው ሲያን (ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ)ና ቢጫ ይቀላቅላል። ሦስቱ ልክ ከተመጣጠኑ ዓይን ግራጫ ያያል። ትንሽ ካዘነበሉ ግን አለቀ። ባለ ቀለም ፎቶ ላይ ይህች ትንሽ ማዘንበል አትታወቅም፤ ሰማዩም ልብሱም ይሸፍናታል። ጥቁርና ነጭ ላይ መደበቂያ የላትም። በዚያ ላይ የቀለሞቹ ሚዛን እንደ ብርሃኑ ዓይነት ይለዋወጣል። ያው አንዱ ፎቶ በፎቶ ቤቱ መብራት ግራጫ፣ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ፣ አምፖል ሥር ሮዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የፕሪንተር አምራቹ ኤፕሰን በ2005 እ.ኤ.አ. ኬ3 ብሎ ያወጣው ቀለም ሦስት ደረጃ ጥቁር አለው፦ ሙሉ ጥቁር፣ ፈዘዝ ያለ ጥቁርና በጣም የፈዘዘ ጥቁር። ካኖንም ለፎቶ ባለሙያዎች በሚሠራቸው ፕሪንተሮች ውስጥ ግራጫን ለብቻው ያስገባል። እንዲህ ሲሆን ግራጫው ከራሱ ከጥቁሩ ይወጣል። ባለ ቀለሞቹ የሚገቡት ቃናውን ለማስተካከል፣ በጥቂቱ ነው።

ወረቀቱስ? ጫፉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳጎብጠው ቀጭ ቀጭ አለ። የፕላስቲክ ድምፅ ነው። የጥጥ ወረቀት እንዲህ አይጮህም። ጀርባውን ገለበጥኩት። የአምራቹ ስም በፈዛዛ ግራጫ፣ በሰያፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ተደጋግሞ ታትሞበታል። ሁለት ፊቱ በፕላስቲክ የተለበጠ ተራ የፎቶ ወረቀት ነው ማለት ነው። መጥፎ ወረቀት ነው አልልም፣ ለብዙ ነገር ይበቃል። እኔ የከፈልኩት ግን ለሱ አይደለም። የጀርመኑን የወረቀት አምራች የሃነሙለን ፎቶ ራግ የመሰለ መቶ በመቶ የጥጥ ወረቀት በካሬ ሜትር 308 ግራም ይመዝናል። ዓይን ጨፍኖም ቢሆን በእጅ ይታወቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ተመለስኩ። ልጁ መጀመሪያ «ጥቁርና ነጭ ሲባል እንዲህ ነው» አለ። ቀጥሎ «የኮምፒውተርሽ ስክሪን ነው ችግሩ» አለ። ይሄ ሰበብ ብዙ ሰው ስለሚያሳምን ልመልስበት። ስክሪናችሁ ከመጠን በላይ ደምቆ ከሆነ የታተመው ፎቶ ጨልሞባችሁ ይወጣል። ይሄ እውነት ነው። አረንጓዴ ግን አያደርገውም። እኔ የሰጠሁት ፋይል ውስጥ ከግራጫ በቀር ሌላ ቀለም የለም። አረንጓዴው የመጣው ከነሱ ማሽን ነው። ስለ ወረቀቱ ስጠይቀው «የጥጡ አልቆ ነው፣ ይሄም ጥሩ ነው» አለኝ። አልቆ ነው! ታዲያ የጥጡን ዋጋ ለምን ወሰዳችሁ? ድጋሚ ይታተምልኝ ስል እንደገና ክፈይ ተባልኩ። ኃላፊው እስኪገኝ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ የወረቀቱን ልዩነት መለሱልኝ፣ የህትመቱን ግን አልመለሱም። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ፎቶ ህትመት 12» ብቻ ነበር። የወረቀቱ ዓይነት ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ 5 ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አስጽፉ። ቀለሙንም ወረቀቱንም በስሙ አስጽፉ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ የአክስቴ ልጅ «አንድ ሰው አለ» ብላ ወሰደችኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ። ታፔላ እንኳ የለም። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ፋይሉን ከፍተው አባቴን ብዙ ሰዓት አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ የት ነው የሚሰቀለው? መስታወት ይገባል?» አሉኝ። ፎቶ ቤቱ ይህን አልጠየቀኝም። ውጭም ቢሆን፣ ሌሎች ፎቶዎቼን ሳሳትም፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እዚያ ፋይሉን በኢንተርኔት እልካለሁ፣ በካርቶን ታሽጎ ይመጣልኛል። ሥራው ንጹህ ነው። የአባቴን ፊት እንዲህ አተኩሮ የሚያይልኝ ሰው ግን የለም።

ካፖርቱን፣ ሸሚዙንና ፊቱን የያዘ ቀጭን ቁራጭ መርጠው በሦስት ወረቀት አተሙት። አንዱ የማያንጸባርቅ ጥጥ፣ አንዱ ባራይታ የሚባል የሚያንጸባርቅ ወረቀት፣ አንዱ በፕላስቲክ የተለበጠ ከፊል አንጸባራቂ። ሦስቱን ይዘው መጀመሪያ መስኮት ጋ ወሰዱኝ። ከዚያ መጋረጃውን ዘግተው አምፖል አበሩ። ግራጫው በሁለቱም ቦታ ግራጫ ነው። እዚያ ጋ ትንፋሼ መለስ አለ።

እኔ ከመጀመሪያው ጥጥ፣ ጥጥ ስል ነበር። ማት የሚባለው ይህ ዓይነት ወረቀት ለስላሳ ነው፣ መብራት አይመልስም፣ ለዓይን ደስ ይላል። ግን የጥቁሩ ጥልቀት ገደብ አለው። ባለሙያዎች ይህን ጥልቀት በዴንሲቲ ይለካሉ። ጥሩ ማት ወረቀት 1.6 ወይም 1.7 አካባቢ ይደርሳል፣ ጥሩ ባራይታ ከ2.2 ያልፋል። ቁጥሩ ምን እንደሚል በዓይኔ አየሁት። በጥጡ ላይ የካፖርቱ እጥፋቶች ተዋህደው ከሰል መስለዋል። በባራይታው ላይ ክርኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባራይታ የሚባለው ቀለም ከሚቀበለው ልባስ ሥር የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ ያለው ወረቀት ነው። በጨለማ ክፍል ይታጠብ የነበረው የድሮው የፎቶ ወረቀትም ይኸው ንጣፍ ነበረው። ለአባቴ ዘመን ፎቶ ልኩ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሐሳቤን እዚያው ቀየርኩ። እናቴ ወጣት ሳለች ጉም በበዛበት ጠዋት የተነሳችውን ግን በጥጡ አሳተምኩት። ለሱ ጥልቅ ጥቁር አያስፈልገውም።

ጥቁሩም ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን የተማርኩት ከሳቸው ነው። ለማት ወረቀት ማት ብላክ፣ ለሚያንጸባርቀው ፎቶ ብላክ። «ቢምታታስ ጋሼ?» አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ከመሳቢያ ሁለት የተበላሹ ቁራጮች አወጡ። ማት ወረቀት ላይ በፎቶ ብላክ የታተመው አመድ መስሏል። የሚያንጸባርቀው ላይ በማት ብላክ የታተመውን በአውራ ጣታቸው ፈተግ ሲያደርጉት ጥቁሩ ጣታቸው ላይ ቀረ። ባዶውን የጥጥ ወረቀት ሊያስገቡ ሲሉ ደግሞ የጣታቸውን ጫፍ አርጥበው ጥጉን ነካ አደረጉት። ጣት ላይ የሚጣበቀው ፊት ቀለም የሚቀበለው ነው። ተገልብጦ ቢገባ ያ ሁሉ ወረቀት በከንቱ ይቀር ነበር።

ሌላም አሳዩኝ። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለይበት ዓይነት ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት አላቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ቤት ያተመውን ከሥሩ ሲያደርጉት ሰማያዊ ሆኖ ቦገገ። ወረቀቱን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል ስላለበት ነው። ሲገዛ በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፣ ኬሚካሉ ሲደክም ግን ወረቀቱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የሳቸው ባራይታ አልቦገገም። ትንሽ ክሬም ይመስላል፣ ለአባቴ ሸሚዝም ያማረው ያ ክሬም ነው። ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ዳይ የሚባለው ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ በብርሃንና አየር ውስጥ ባለ ኦዞን ቶሎ ይደበዝዛል። ፒግመንት ጠጣር ቅንጣት ነው፣ ጥቁሩም ከካርቦን የሚሠራ ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ሰውየው ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ ማሽናቸውም ከኤ3 ብዙም አይበልጥም። ትልቅ ለሚፈልግ አይሆኑም። በቀረችኝ ጊዜ ከ12ቱ 5 ብቻ ነው ያደረሱልኝ። ደግሞ የሸሚዙ አንገት ላይ አንዲት ቦታ ፍጹም ነጭ ናት። ቀለም ስላልነካት ፎቶውን ዘንበል ሲያደርጉት ከዙሪያዋ ያነሰ ታበራለች። እሳቸው ስስ ግራጫ ጣል እናድርግባት ብለው ነበር፣ ነጭ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እናንተ እሺ በሉ።

ሲጨርሱም በይ ውሰጂ አላሉኝም። 24 ሰዓት ይደር አሉ። ቶሎ መስታወት ውስጥ ከገባ ከቀለሙ የሚወጣው ተን መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ይሄንን መጠበቅ አልከፋኝም፣ ምክንያቱን ነግረውኛልና። ደረሰኛቸው ላይ የወረቀቱ ስም፣ የቀለሙ ዓይነትና ቀኑ አለ። የጠየቁኝም ፎቶ ቤቱ ከወሰደብኝ ያነሰ ነው።

ፍሬሙን ለእናቴ ስሰጣት ዝም ብላ መስኮት ጋ ይዛው ሄደች። ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ካፖርቱ ክርን ላይ አሳረፈች። እኔ መተሻሸት ነው ብዬ ያለፍኩት ላይ። «ይቺን እኔ ነኝ የጠቀምኩለት» አለች። ጠጋ ብዬ ሳይ እውነትም የክር መስመር ነው።